ኩሬው ራሱ ማጣሪያ ሲሆን

በጓሮ የተቆፈረ የዓሣ ኩሬ ስኪመር፣ ፓምፕና ልዩ ልዩ ማጣሪያ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም ለሚለው ጥያቄ፣ ኩሬው ለምን እንደ ተቆፈረ ሳይታወቅ መልስ መስጠት አይቻልም፤ ለዓይን ደስታ የሚያዝ ኩሬና ለገበታ የሚሆን ዓሣ የሚረባበት ኩሬ በስም ይመሳሰሉ እንጂ ከውኃው ቀለም ጀምሮ እስከ ዓሣው ብዛት ድረስ የሚሹት ነገር ለየቅል ነውና። በፍኖተ ሰላም ከተማ ጓሮዎች፣ በቡሬ ዙሪያና በጃቢ ጠህናን ወረዳ ቀበሌዎች ለዓሣ የሚውሉት ኩሬዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ከፊሎቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ በተካሄደው የውኃ ማቆር ዘመቻ ለመስኖ ታስበው ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ጋር አንድ ቅርጽ ያላቸው፣ ውኃ እንዳያሰርጉ ጂኦሜምብሬን የተባለው ወፍራም ፕላስቲክ የተነጠፈባቸው ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ወተት፣ እንቁላልና ማር ከቤተሰብ ገበታ እንዳይጠፉ የተያዘውን ጥረት ዓሣም ይቀላቀለው በሚል የመጡ ናቸው። የዚህ ምዕራፍ አቋም ከወዲሁ ሊነገር ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ኩሬ ስኪመር ትርፍ ወጪ ነው፣ ማጣሪያም ቢሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውኃው ኩሬው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

ስኪመር የውኃን ገጽ የሚገፍ ዕቃ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በኩሬው ዳር የተገጠመ ሣጥን አፉ ከውኃው ልክ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ከሣጥኑ ሥር ያለ ፓምፕ ውኃ ሲስብ የላይኛው ስስ ንጣፍ ብቻ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፣ ቅጠሉ፣ አበባው፣ የሞተው ነፍሳትና አቧራው በሣጥኑ ውስጥ ባለ መረብ ላይ ይቀራል። ከስኪመሩ ቀጥሎ የሚመጣው ማጣሪያ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በስፖንጅ፣ በብሩሽ ወይም በአሸዋ አማካይነት ጠጣሩን ቆሻሻ የሚይዘው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ወይም ፕላስቲክ ተሞልቶበት ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩበትና በውኃ ውስጥ የሟሟውን መርዝ የሚለውጡበት ሥነ ሕይወታዊ ማጣሪያ ነው። ሦስተኛው በአልትራ ቫዮሌት መብራት አልጌን ይገድላል፤ አልጌ ማለት ሥርና ግንድ የሌለው፣ አብዛኛው በዓይን የማይታይ፣ ውኃን አረንጓዴ የሚያደርግ ደቂቅ ተክል ነው።

እነዚህ ዕቃዎች በገበያ ላይ የተስፋፉት ኮይ የተባለውን ባለ ቀለም የካርፕ ዝርያ በመስታወት በመሰለ ውኃ ውስጥ ማየት ለሚሹ ሰዎች ነው። ኮይ የተገኘው በጃፓን ኒጋታ አውራጃ ተራሮች ካርፕን ለምግብ ያረቡ ከነበሩ የሩዝ ገበሬዎች እጅ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፣ ዝናው በአገሩ የተሰማው በ1914 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ነው። የሚገርመው ግን ለኮይ ማጣሪያ የሚሸጠው ነጋዴ እምብዛም የማያወሳው ጉዳይ ነው፤ የኒጋታ አርቢዎች ራሳቸው ዛሬም ቢሆን ዓሣዎቻቸውን በጋውን የሚያሳድጉት በተራራ ላይ በተቆፈረ፣ ስኪመርም መብራትም በሌለው የጭቃ ኩሬ ውስጥ ነው። ዓሣው በጭቃው ኩሬ ይደልባል፣ ከተሸጠ በኋላ በጠራው ኩሬ ይታያል። ማጣሪያው የሚያገለግለው እንግዲህ ከዓሣው ይልቅ ተመልካቹን ነው ማለት ይቻላል።

በምዕራብ ጎጃም ኩሬዎች የሚረባው በዋነኛነት ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በጣና፣ በዓባይና በገባሮቹ የሚኖር፣ በዓለም የዓሣ ገበያ የናይል ቲላፒያ በሚል ስም የሚታወቅ ዓሣ ሲሆን፣ የዓባይን ውኃ የምትጋራው ግብፅ በዚሁ ዓሣ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ አርቢ አገር የሆነችው በአመዛኙ በናይል ደልታ በሚገኙ የአፈር ኩሬዎች ነው። ዓሣውን ለጓሮ ኩሬ የተመቸ ያደረገው አመጋገቡ ነው። ቆሮሶ በስንጥቡ ላይ ባሉ ጥቃቅን ጥርስ መሰል አካላትና በሚያመነጨው ዝልግልግ ፈሳሽ አማካይነት ከውኃው ውስጥ አልጌን ለቅሞ መብላት ይችላል፤ ስንጥብ ዓሣው የሚተነፍስበት፣ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ያለው ቀይ ላባ መሰል አካል ነው። ሌሎች ብዙ ዓሦች ሊፈጩት የሚቸገሩትን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሳይቀር የቆሮሶ ጨጓራ ከፍተኛ በሆነ አሲዱ አፍርሶ ይፈጨዋል። ስለዚህ በአልትራ ቫዮሌት መብራት አልጌውን የሚገድል ሰው ለከብቱ የተዘረጋለትን መስክ ካቃጠለ በኋላ ድርቆሽ ሊገዛ ገበያ ከሚወጣ ገበሬ አይለይም።

አረንጓዴው ውኃ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ማጣሪያም ነው። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን ሰውነቱ ያልተጠቀመበትን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ብዙም የማይጎዳ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ዓሣው ደም በቀላሉ የሚሰርግ መርዝ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው የውኃው ሙቀትና ፒኤች፣ ማለትም አሲድነቱን ወይም አልካላይነቱን የሚገልጸው መለኪያ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፣ 9 ሲደርስ ግን ከ3 እጅ 1 እጅ ያህሉ መርዝ ይሆናል። በሥነ ሕይወታዊ ማጣሪያ ውስጥ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። በአረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ግን አልጌው አሞኒያውን በቀጥታ ለዕድገቱ ይወስደዋል፤ ባክቴሪያዎቹም ቢሆኑ በኩሬው ግድግዳ፣ በጭቃውና በተነጠፈው ፕላስቲክ ላይ በራሳቸው ይሰፍራሉ እንጂ የተገዛ ሣጥን አይጠብቁም።

ይህ የተፈጥሮ ማጣሪያ አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 100 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። በውስጡ እያንዳንዳቸው 200 ግራም የሚመዝኑ 100 ቆሮሶዎች ቢኖሩ ጠቅላላ ክብደታቸው 20 ኪሎ ግራም ነው፤ በቀን የክብደታቸውን 2 በመቶ ቢመገቡ 400 ግራም መኖ ይወስዳሉ። ፕሮቲኑ 30 በመቶ ገደማ ከሆነ መኖ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ወደ 30 ግራም የሚሆን ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ወደ ውኃው ይገባል ተብሎ ስለሚገመት፣ የዚህ ኩሬ የቀን ድርሻ 12 ግራም፣ በሊትር ሲሰላ 0.12 ሚሊ ግራም ብቻ ይሆናል፤ ይህን ያህል ፀሐይ ያገኘ አረንጓዴ ውኃ ውሎ ሳያድር ይጨርሰዋል። የዓሣ ኩሬ ጠበብት አየር የሚነፋ መሣሪያ በሌለው ኩሬ ውስጥ በቀን ለ1 ሄክታር ከ30 እስከ 50 ኪሎ ግራም የሚደርስ መኖ ድንበር እንደሆነ ይናገራሉ፤ በ100 ካሬ ሜትር ሲመነዘር ከ300 እስከ 500 ግራም ማለት ነው። ዓሦቹ 200 ቢሆኑ መኖው 800 ግራም ይደርሳል፣ ድንበሩም ይታለፋል። ከዚህ ወዲያ ያለው ባለቤት ወይ ውኃ በየጊዜው መቀየር፣ ወይ መኖ መቀነስ፣ አለዚያም መሣሪያ መግዛት ግድ ይለዋል፤ ዓሣውን አብዝቶ ችግሩን በማጣሪያ መፍታት ግን ከሦስቱ ሁሉ ውዱ መንገድ ነው።

በፍኖተ ሰላም ኩሬ ላይ ከአሞኒያ ይልቅ ቶሎ አደጋ የሚያመጣው የኦክስጅን እጥረት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ቡሬም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በ5 እጅ 1 እጅ ያህል ያንሳል፤ በዚህም ምክንያት በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል ከፍታ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሊሸከም የሚችለው ውኃ በፍኖተ ሰላም ከ6.6 ብዙም አያልፍም። ቆላማ አገር ላይ ተጽፎ የመጣ መመሪያ ይህን ልዩነት አይነግርም። አልጌው በቀን ብርሃን አስተጻምሮ በሚባለው ሂደት፣ ማለትም በፀሐይ ጉልበት ምግቡን ሲያዘጋጅ፣ ኦክስጅን ለውኃው ይሰጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ፈላጊ ይሆናል። ስለዚህ ውኃው በአልጌ ከመጠን በላይ ሲወፍር ቀን የተጠራቀመው ሌሊት ያልቃል፤ ዝቅተኛው መጠን የሚታየው ዶሮ ከጮኸ በኋላ፣ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ባለው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ዓሦች በውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ከታዩ የዕለቱን መኖ ማስቀረትና ከከፍታ የሚወረወር አዲስ ውኃ ማስገባት፣ በአቅራቢያ የመስኖ ሞተር ካለም የኩሬውን ውኃ ስቦ መልሶ በአየር ላይ መርጨት ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ለቀናት ሲደፈን አልጌው ቀንም በቂ ኦክስጅን ስለማያመርት፣ በእነዚህ ወራት መኖን መቀነስ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የቆሮሶ የመብላት ፍላጎት ራሱ ስለሚቀንስ፣ በክረምት ቅዝቃዜ ሳይበላ የሚተርፈው መኖ ወደ ኩሬው ወለል ወርዶ ይበሰብሳል፤ ብስባሴው ደግሞ ያችኑ ጥቂት ኦክስጅን ይሻማል።

የአረንጓዴውን ልክ ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ አሠራሩ ከ150 ዓመታት በላይ ሳይለወጥ የኖረ ነው። ጣሊያናዊው ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. በሜድትራንያን ባሕር ላይ ክብ ሳሕን መሰል ነገር በገመድ ወደ ውኃው እያወረደ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ፤ ዛሬ ለኩሬና ለሐይቅ የሚያገለግለው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ዲስክ ነው። በጓሮ ኩሬ ላይ ክዳን ቀብቶ በዘንግ መቸከል ይበቃል፤ የሰው ክንድም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ነገሩ ለጎጃም ገበሬ የበለጠ ቀላል ነው፤ ዲስኩ ወይም የተዘረጋው መዳፍ አንድ ስንዝር ጥልቀት ላይ ገና ሳይደርስ ከተሰወረ ውኃው ከመጠን በላይ ወፍሯል፣ እስከ አንድ ክንድ ወርዶም የሚታይ ከሆነ ምግቡ ሳስቷልና የዶሮ ኩስ ወይም የከብት እበት ያሻዋል፣ በስንዝርና በክንድ መካከል ከተሰወረ ግን እንዳለ ይተው። የውኃው ቀለም ቡናማ ከሆነ ግን ይህ መለኪያ ያታልላል፤ ብርሃኑን የከለከለው አልጌ ሳይሆን አፈር ነውና።

የስኪመር ዋነኛ ሥራ ቅጠል መግፈፍ እንደመሆኑ፣ በምዕራብ ጎጃም ጓሮ የትኛው ቅጠል ምን እንደሚያመጣ ማወቅ ከመግዛት ይቀድማል። የማንጎና የዋንዛ ቅጠል በብዛት ካልወደቀ የሚያመጣው ችግር መበስበሱ ነው፤ በዘንግ ጫፍ የታሰረ መረብ ማለዳ ማለዳ አንድ ጊዜ ቢዞርበት ይወጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይትና ታኒን የተባለ ውኃን የሚያጠቁር ንጥረ ነገር ስላለው ኩሬን ከባሕር ዛፍ አጥር ማራቅ ይመረጣል፤ ሥሩም የኩሬውን ግድግዳ ይሰነጥቃል። ከሁሉ የከፋው ብርብራ ነው። ለቡና ጥላና ለማገዶ በየመንደሩ የሚበቅለው ይህ ዛፍ በዘሩ ውስጥ ሮቴኖንና ተዛማጅ መርዞች አሉት፤ እነዚህ መርዞች የዓሣው ሕዋሳት ኦክስጅን መጠቀም እንዳይችሉ ያግዳሉ። ዘሩ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ በኢትዮጵያ ወንዞች ዓሣ በዚህ መንገድ ሲያዝ ኖሯል፣ ዛሬም ያልጠፋ ጎጂ ልማድ ነው። ከላይ የብርብራ ቅርንጫፍ የተንሰራፋበት ኩሬ ስለዚህ የመጨረሻው ዘመናዊ ስኪመር ቢገጠምለትም አያስተማምንም፤ የሚያዋጣው ኩሬውን ሌላ ቦታ መቆፈር ነው።

ስኪመር በቆሮሶ ኩሬ ላይ ሌላም ጉዳት አለው። የቆሮሶ እናት እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አፏን ትተው ሲወጡ በኩሬው ዳርና በውኃው ገጽ አጠገብ በቡድን ይዋኛሉ። ገጹን ያለማቋረጥ የሚስበው ሣጥን ከቅጠሉ ጋር እነርሱንም ይስባል። ጫጩት ከመጠን በላይ መብዛቱ ራሱን የቻለ ችግር መሆኑ እርግጥ ነው፤ ቆሮሶ በጠባብ ኩሬ ውስጥ ተራብቶ ተጨናንቆ ሁሉም ዓሣ የቁንጥጫ ያህል ሆኖ ይቀራልና። መፍትሔው ግን ወንድ ብቻ የሆኑ ጫጩቶችን ማስገባት ወይም ቆሮሶው ካደገ በኋላ ጥቂት አምባዛ መጨመር ነው፤ አምባዛ ጫጩቱን እየበላ ቁጥሩን ይቆጣጠራል፤ ከአየር በቀጥታ መተንፈስ የሚያስችለው አካል ስላለውም ኦክስጅን ባነሰ ውኃ ውስጥ ይኖራል። ጫጩት በባሕር ዳር ከሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም በወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያዎች በኩል ቢገኝ፣ ከማይታወቅ ምንጭ ከሚመጣ ጫጩት ጋር የሚገባውን በሽታ ያስቀራል።

ውኃን በተክል ማጣራት ይቻላል የሚለው ምክር በውጭ አገር የአትክልት መጻሕፍት የተለመደ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ በተደጋጋሚ የሚመከረው ተክል እምቦጭ ነው። ምክሩ በራሱ ሐሰት አይደለም፤ እምቦጭ ከውኃው ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን በብርቱ ይስባል። ሆኖም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን የወረረው ይኸው ተክል በመሆኑ፣ ከፍኖተ ሰላም ጓሮ ተነስቶ በጎርፍ ወደ ላህ ወንዝ፣ ከላህ ወደ ብር ወንዝ፣ ከብርም ወደ ዓባይ መድረስ የሚችልን አረም ለአንዲት ኩሬ ጥራት ሲባል መትከል ወንጀል ባይባል እንኳ ከባድ ጥፋት ነው። ተክል የሚያስፈልገው ሰው ከኩሬው ውጪ፣ ትርፉ ውኃ በሚወጣበት ቦይ ላይ ፊላ ወይም ደንገል ቢተክል በቂ ነው።

አካባቢው በእርግጥ የሚፈልገው ማጣሪያ ከኩሬው አፍ በፊት ያለው ነው። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር በሐምሌ ዝናብ ተሸርሽሮ ሲመጣ የያዘው ሸክላ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሳይዘቅጥ ለሳምንታት ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ብርሃን ስለሚያግድ አልጌው ይሞታል፣ ስንጥቡን ስለሚሸፍን ዓሣው ይጨነቃል፣ እየዘቀጠም ኩሬውን በየዓመቱ ያሳንሳል። ስለዚህ ጎርፍ ወደ ኩሬው እንዳይገባ ከላይ በኩል ማስቀየሻ ቦይ መቆፈር የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከጌራይ የመስኖ ግድብ፣ ከላህ ወይም ከትንንሽ ምንጮች በቦይ የሚመጣው ውኃ ደግሞ ወደ ኩሬው ከመግባቱ በፊት የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ውስጥ ቢያርፍ ይመረጣል፤ የጉድጓዱ ስፋት ፍሰቱን ስለሚያዘገየው አሸዋና ደለሉ ከታች ይቀራል፣ የላይኛው ውኃ በጠጠርና በሽቦ ወንፊት አልፎ ይገባል። ወንፊቱ የዱር ዓሣንና የእንቁራሪት ጫጩትንም ያግዳል። ጠጠሩ እየታጠበ፣ ጉድጓዱም በየክረምቱ መጨረሻ እየተጠረገ ከተያዘ ይህ ሥራ ከአካፋና ከጉልበት ሌላ ወጪ የለውም፤ የሚጠረገው ደለልም የጓሮ አትክልት መደብ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የትኛውም የጓሮ ማጣሪያ የማይዘው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። በቡሬና በጃቢ ጠህናን በርበሬ፣ ሽንኩርትና ሌላ አትክልት በሰፊው ይመረታል፤ ለተባይ ከሚረጩት ውስጥ ላምዳ ሳይሃሎትሪንን የመሳሰሉት ፓይሬትሮይድ የተባሉ መድኃኒቶች ለሰውና ለከብት ያላቸው ጉዳት በአንጻሩ አነስ ያለ ቢሆንም ለዓሣ በኢምንት መጠን ገዳይ ናቸው። ስለዚህ ኩሬው ከሚረጭ ማሳ በታች መቆፈር የለበትም፤ የመርጫ ታንክም በኩሬ ወይም በመጋቢ ቦይ መታጠብ የለበትም። ከተማ ውስጥ የቧንቧ ውኃ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ውኃው በክሎሪን የታከመ ከሆነ በበርሜል አስቀምጦ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አየር እንዲያገኘው ማድረግ አለበት፤ ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል።

ከአፈሩ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ አሲዳማነት ነው። በምዕራብ ጎጃም ብዙ ማሳዎች ላይ ለገብስና ለስንዴ ሲባል የግብርና ኖራ የሚበተነው አፈሩ አሲዳማ በመሆኑ ነው፤ ከዚህ አፈር የሚመነጭ ውኃም ሆነ በዚህ አፈር ላይ የተቆፈረ ኩሬ የፒኤች መዋዠቅን የሚያረጋጋው ካርቦኔት ይጎድለዋል። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ አልጌው ከሰዓት በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲጨርስ ፒኤቹ በፍጥነት ወደ 9 ይወጣል፤ ቀደም ሲል እንደ ተገለጸው ደግሞ አሞኒያው መርዝ የሚሆነው ያኔ ነው። ኩሬው ውኃ ከመያዙ በፊት ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም የግብርና ኖራ በወለሉ ላይ መበተን ይህን ያለዝባል። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ያልጠፋ ኖራ ግን ዓሣ ባለበት ኩሬ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ፒኤቹን በአንዴ ሰቅሎ ዓሣውን ይፈጃል። ባክቴሪያ የሚሠራበት ማጣሪያ የገዛ ሰውም ከኖራ አያመልጥም፤ ባክቴሪያዎቹ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ ከ4.5 ግራም በላይ ኦክስጅንና ከ7 ግራም በላይ ካርቦኔት ይፈጃሉና፣ ማጣሪያው ራሱ በዚህ አገር የጎደሉትን ሁለት ነገሮች የሚሻማ ሌላ አፍ ነው።

የኤሌክትሪክ ነገርም አለ። 60 ዋት ብቻ የሚወስድ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ሲሠራ በወር 43 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህ ብቻውን ከባድ ላይሆን ይችላል። አደጋው በማጣሪያ ተማምኖ ዓሣ ያበዛ ሰው መብራት በጠፋበት ሌሊት የሚገጥመው ነው። ውኃው ሲቆም በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅን አጥተው መሞት ይጀምራሉ፣ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ የተቋጠረው ክፉ ውኃ ተጠራርጎ ወደ ኩሬው ይገባል። መብራት በማይታመንበት ቦታ በመብራት ላይ የቆመ ኩሬ ከማጣሪያ አልባው የበለጠ ተሰባሪ ነው።

መኖን በተመለከተ ጥቂት ማለት ይበቃል። የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ በአካባቢው የሚገኙ ጥሩ መኖዎች ናቸው፤ ዘይት ጨማቂዎች ባሉባት ቡሬ ፋጉሎ ማግኘትም አያዳግትም። ተለውሶ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ዓሣው በሩብ ሰዓት ጨርሶ በሚበላው መጠን መስጠት የማጣሪያን ሥራ ግማሽ ያቀላል። የጠላ አተላ ግን ለዓሣ ኩሬ አይመከርም፤ ውኃ የበዛበትና ግማሽ የፈላ ስለሆነ ከወለሉ ላይ ዘቅጦ ኦክስጅን ይበላል፣ ላሟ ብትጠጣው ይሻላል።

የኩሬው ዳር ንጽሕና ከዓሣው ይልቅ የሰውን ጤና ይመለከታል። በዳር የሚበቅለው ሣርና የሚጠራቀመው ቅጠል ለወባ ትንኝ እጭና ቢልሐርዝያ ለሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች መጠለያ ስለሚሆን በየሳምንቱ መታጨድ አለበት፤ ዓሣው የትንኝ እጭ የሚበላው ሊደርስበት ከቻለ ብቻ ነው።

መሣሪያ በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ኩሬዎች የሉም ማለት አይደለም። በሆቴል ግቢ የሚሠራ የሲሚንቶ ኩሬ እንግዳው ዓሣውን እንዲያይ ስለሆነ ውኃው መጥራት አለበት፤ እንዲህ ያለ ኩሬ በዛፍ ጥላ ሥር ከሆነ ስኪመር ተገቢ ግዢ ነው። እንቁላል የሚፈለፈልበት ማዕከልም የጠራ ውኃ ግድ ይለዋል። ቦታ የጠበበው የከተማ ነዋሪም በፕላስቲክ ታንክ ውስጥ ዓሣ አብዝቶ ማርባት ከፈለገ አልጌው የማይችለውን በባክቴሪያ ማሠራት አለበት።

እንዲህ ላለው ሰው ከውጭ የመጣ ማጣሪያ አያስፈልገውም፤ 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜልና ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይበቁታል። ይህ ድንጋይ በእንጅባራ ዙሪያ ካሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚወጣው ዓይነት ሲሆን፣ ቀዳዳው ስለሚበዛ ለባክቴሪያ ሰፊ ማረፊያ አለው። የለውዝ ፍሬ የሚያህለው ተለቅሞ፣ አቧራው እስኪለቅ ታጥቦ በርሜሉ ውስጥ ይሞላል፤ ውኃው ከታንኩ ወለል ተስቦ ከበርሜሉ ሥር ይገባል፣ በድንጋዩ መካከል ወደ ላይ ወጥቶ ከአፉ ወደ ታንኩ በፏፏቴ ይመለሳል፤ ውድቀቱ አየር ይጨምርለታል። ከበርሜሉ ሥር የሚከፈት ቧንቧ ሊኖረው ይገባል፣ በየሳምንቱ ተከፍቶ የተጠራቀመው አተላ ወደ ሙዝ ወይም ጎመን መደብ ይለቀቃል፤ ድንጋዩ ሲታጠብ ግን በታንኩ ውኃ እንጂ በክሎሪን ውኃ መታጠብ የለበትም። ባክቴሪያዎቹ በቁጥር እስኪበቁ በሞቃት ወራት ከ4 እስከ 6 ሳምንታት፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በእነዚህ ሳምንታት ጥቂት ዓሣ ብቻ ገብቶ በጥቂቱ ይመገብ፤ የቀረው ጫጩት የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።